ካርቶን ደፍቶ አደባባይ መውጣት፦ የቪዲዮ ጌምን በመንገድ ላይ የሚተውነው ኮሜዲ እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ሜታል ጊር» የተባለው የጃፓን ቪዲዮ ጌም አንድ እንግዳ ብልሃት አለው። ወደ ጠላት ሰፈር ሰርጎ የገባው ወታደር ጠባቂ ሲመጣበት ካርቶን በላዩ ላይ ደፍቶ ቁጭ ይላል። ጠባቂው ካርቶን ያያል፤ ካርቶን ደግሞ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ያልፋል። ተጫዋቹ በዚህ አይደነቅም። ጌሙ «እንዲህ ነው» ካለ እንዲህ ነው።

አሁን ወታደሩን ከስክሪኑ አውጥተን ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እናስገባው። ካርቶኑ ከታች ሁለት ጫማ አብቅሎ በመደርደሪያዎቹ መካከል ይሄዳል። አንባቢ ቀና ሲል ይቆማል፤ አንባቢው ሲያቀረቅር ሦስት እርምጃ ይራመዳል። ለመሰወሪያ የታሰበው ዕቃ በክፍሉ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ይበልጥ ዓይን ውስጥ ገባ። ከሥሩ ያለው ሰው ግን እንዳልታየ እርግጠኛ ነው። የሚያስቀው በእሱ እርግጠኝነትና በክፍሉ ዓይን መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ይህን ክፍተት መተዳደሪያው ያደረገ የኮሜዲ ዘርፍ ከተፈጠረ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ጓደኛሞች፣ አንድ ካሜራ፣ ጥቂት ካርቶንና ማጣበቂያ፣ በዚያ ላይ ኀፍረት የማያውቅ ፊት። እንዲህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ግን የሞከረው ሁሉ በተሳካለት ነበር። ከካርቶኑ ጀርባ ያለውን አሠራር ፈታ አድርገን እንየው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑና ሰበቡ

የዘርፉ ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው «ሜጋ 64» የተባለው የአሜሪካ ቡድን ነው። ሮኮ ቦቲ፣ ዴሪክ አኮስታና ሾን ቻትፊልድ የተባሉ ወጣቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ ከተማ መሠረቱት። የዝግጅቱ መነሻ ታሪክ ሆን ተብሎ የተንሻፈፈ ነው። አንድ እብድ ሳይንቲስት ጌምን በቀጥታ ወደ ሰው አእምሮ የሚጭን ማሽን ይሠራና በሁለት ወጣቶች ላይ ይሞክረዋል። ማሽኑ ሥራ በጀመረ ቁጥር ወጣቶቹ ጌሙ ውስጥ የገቡ ይመስላቸዋል፤ ሰውነታቸው ግን ያለው ተራ መንገድ ላይ፣ ተራ ሰዎች መካከል ነው።

ይህ ማሽን ታሪኩን ለመጀመር ያህል የተፈጠረ ሰበብ ቢመስልም ትልቅ ችግር ይፈታል። መንገደኛን ለማስደንገጥ የወጣ ቀልደኛ በተመልካች ዘንድ ቶሎ ይጠላል፤ ሰውን መጫወቻ ያደረገ ጉረኛ ሆኖ ይታያልና። በማሽኑ ምክንያት ግን ተዋናዩ ራሱ የተቀለደበት ሰው ይሆናል። «ላሾፍባችሁ» ብሎ አልወጣም፤ የታየውን እያደረገ ነው። መንገደኛው ጤነኛ፣ እሱ ሞኝ። ኮሜዲ ከሞኙ ጋር ሲቆም እንጂ ከብልጡ ጋር ሲቆም ብዙ ዕድሜ የለውም።

ዘመኑም አመቺ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ብቅ ያሉት አነስተኛ ዲጂታል ካሜራዎች በተራ ሰው እጅ ገብተው፣ ቪዲዮ በቤት ኮምፒውተር ቆርጦ መቀጠል ተችሎ ነበር። በ2003 በቴክሳስ ሌሎች ወጣቶች «ሄይሎ» የተባለውን የጦርነት ጌም እየተጫወቱ፣ ገጸ ባሕርያቱን እንደ አሻንጉሊት እያንቀሳቀሱ ተከታታይ ኮሜዲ መቅረጽ ጀመሩ። የቴክሳሶቹ ካሜራውን ወደ ጌም አስገቡት፤ ሜጋ 64ዎቹ ጌሙን ወደ መንገድ አወጡት። ዩቲዩብ የተከፈተው በ2005 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች በዲቪዲ ጭምር ነበር ተመልካች ዘንድ የሚደርሱት።

ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ከሞንፔሊዬ ከተማ የመጣው ሬሚ ጋያር አለ። የእሱ ቁጣ የሌለበት ድፍረት የታወቀው ከጌም በፊት ነው፤ በ2002 የፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የአሸናፊውን ቡድን ማሊያ ለብሶ ከተጫዋቾቹ ጋር በመቀላቀል ከፕሬዚዳንት ዣክ ሺራክ ጋር ተጨባብጧል። በኋላ የታዋቂውን የጌም ጀግና የማሪዮን ልብስ ለብሶ በትንሽ የውድድር መኪና በእውነተኛ መኪኖች መካከል እየነዳ፣ እንደ ጌሙ ሙዝ ልጣጭ እየወረወረ ያሳየው ቪዲዮ ዓለምን ዞሯል። ስልቱ ከሜጋ 64 የተለየ ነው፤ ጋያር ሥርዓት አፍራሽ ነው፣ ሳን ዲዬጎዎቹ ግን ሥርዓት አክባሪዎች ናቸው። የሚያከብሩት የጌሙን ሥርዓት መሆኑ ነው ጉዱ።

ጌሞች ድሀ ሆነው ተወለዱ

ስለ ዝቅተኛ በጀት ሲነገር ብዙ ጊዜ እንደ ይቅርታ ነው፤ «ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚህ ዘርፍ ውስጥ ርካሽነት ራሱ ሞተሩ ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ ከጌሞች ልደት ይጀምራል።

ማሪዮን እንውሰድ፤ ቀይ ኮፍያ፣ ወፍራም ጢም፣ ቱታ። ይህን ያለበሰው የፋሽን ምርጫ አይደለም። በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» የተባለው ጌም ሲሠራ ንድፍ አውጪው ሺገሩ ሚያሞቶ ሰውየውን ለመሳል የነበረው ቦታ 16 በ16 የስክሪን ነጥብ ገደማ ነበር። በዚያ ጠባብ ቦታ ጸጉር መሳል ስለሚያስቸግር ኮፍያ ደፋለት፤ አፍ ለመሳል ስፍራ ስላልነበረ ጢም አበቀለለት፤ ሲሮጥ ክንዱ ከገላው ተለይቶ እንዲታይ ቱታ አለበሰው። በ1980 በናምኮ ኩባንያ ውስጥ ቶሩ ኢዋታኒ የፈጠረው ፓክ ማን ከዚህም የባሰ ምስኪን ነው፤ አንድ ቁራሽ የጎደለው ቢጫ ክብ፣ በቃ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አሌክሲ ፓዢትኖቭ በሞስኮ የሠራው ቴትሪስ ገጸ ባሕርይ እንኳን የለውም። እያንዳንዳቸው ከ4 ትንንሽ አራት ማዕዘኖች የተገጣጠሙ 7 ቅርጾች ናቸው፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ቅርጾቹን የገጣጠማቸው በቅንፍ ምልክቶች ነበር።

እንግዲህ ቢጫ የተቀባ ካርቶን የለበሰ ሰው የፓክ ማን ርካሽ ቅጂ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ከሞላ ጎደል ራሱ ፓክ ማን ነው። ጥቂት ነጥብ ይዘው የተወለዱ ፍጥረታት ጥቂት ሣንቲም ይበቃቸዋል። ቀይ ኮፍያና የተሣለ ጢም ካየን አእምሯችን የቀረውን ይሞላዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይገርማል። በውድ የተሰፋ አልባሳት መንገደኛውን ያረጋጋዋል። የሚያብረቀርቅ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያይ «ማስታወቂያ ይሆናል» ወይም «ፊልም እየሠሩ ነው» ብሎ በሐሳቡ ፋይሉን ይዘጋል። መብራት፣ ገመድ፣ ኮፍያ የደፋ የቀረጻ ሠራተኛ ካየማ ጭራሽ። ካርቶን የደፋ ሰው ግን የትም መዝገብ ውስጥ አይገባም። ማስታወቂያ እንዳይባል አስቀያሚ ነው፤ ፊልም እንዳይባል ካሜራው አይታይም፤ እብድ እንዳይባል በጣም በሥነ ሥርዓት ነው የሚንቀሳቀሰው። «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለጥቂት ሰከንድ መንገደኛው ፊት ላይ መቆየት አለበት። ቀልዱ የሚኖረው በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

ለንጽጽር የሀብታሙን ምሳሌ እናንሣ። በነሐሴ 2016 በሪዮ ኦሊምፒክ መዝጊያ ላይ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ የማሪዮን ኮፍያ ደፍተው ከአረንጓዴ ቱቦ ብቅ አሉ። ስታዲየሙ ሳቀ፣ ዓለምም ሳቀ። ደስ የሚል ትርኢት ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «ምን እየሆነ ነው?» ብሎ ግራ የተጋባ አንድም መንገደኛ አልነበረም፤ ሁሉም ትርኢት ሊያይ የመጣ ነው። የጎደለው እሱ ነው።

ሁለት ተመልካች

የአሠራሩ ልብ እዚህ ላይ ነው። ይህ ኮሜዲ በአንድ ጊዜ ሁለት ተመልካች አለው፤ ሁለቱ የሚያዩት ነገር ደግሞ አንድ አይደለም።

ቤቱ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ሙዚቃው ይሰማዋል፤ ተዋናዩ በዘለለ ቁጥር የዝላይ ድምፅ፣ ሣንቲም በነካ ቁጥር ጥርት ያለ ቃጭል፤ በስክሪኑ ጥግ የነፍስ ቁጥር፣ ማለትም ስንት ጊዜ ሞቶ መቀጠል እንደሚችል፣ ይታየዋል። ይህ ሁሉ በኋላ በአርትዖት የገባ ነው። ካሜራውም የጌሙን ዓይን ይወስዳል፤ የድሮ ጌም ከሆነ ከጎን ሆኖ ተዋናዩን ከግራ ወደ ቀኝ ይከተላል፤ አዲስ ከሆነ ከትከሻው ጀርባ ተጣብቆ ይሄዳል። መንገደኛው ግን የሚሰማው ኮቴና ትንፋሽ ብቻ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው ያለ አንዳች ምክንያት ባዶ አየር በጭንቅላቱ እየመታ ይዘላል። ለአንዱ ድል፣ ለሌላው ሕመም።

ድምፁን ከቪዲዮው ላይ አጥፍታችሁ እንደገና ብታዩት የመንገደኛውን ወንበር ታገኛላችሁ። ልዩነቱ አስደንጋጭ ነው፤ ያው ትዕይንት አሳዛኝ ይሆናል። ለዚህ ነው በዚህ ሥራ ከካሜራ ይልቅ ድምፅ ላይ ብዙ የሚደከመው። ዋጋውም ርካሽ ነው።

በ2004 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ለሳቅ ሳይሆን ለጥናት የሠሩት ጨዋታ ይህን በግልጽ ያሳያል። በዋሽንግተን ስኩዌር አካባቢ ያሉትን መንገዶች የፓክ ማን ሰሌዳ፣ ማለትም ቢጫው ክብ ነጥብ እየበላ ከመናፍስት የሚሸሽበት መስመር፣ አደረጓቸው። አምስት ሯጮች፣ አንዱ ቢጫ ለብሶ አራቱ መናፍስት ሆነው፣ በእግራቸው ይሯሯጣሉ። እያንዳንዱ ሯጭ በስልክ የሚያነጋግረው ጓደኛ አለው፤ ጓደኛው ካርታ ላይ ሆኖ ቦታውን ይመዘግባል፣ የተበሉትን ነጥቦች ያጠፋል። ነጥቦቹ መንገዱ ላይ የሉም። ካርታው ፊት ያለ ሰው ሙሉ ጌም ያያል፤ የእግረኛ መንገዱ ላይ ያለ ሰው የሚያየው ቢጫ የለበሰ ወጣት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ በነፍሱ ሲሮጥ ነው።

ታዲያ ይህ ሁለተኛው ተመልካች ምን ያደርጋል? አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ሶሲዮሎጂስቱ ኤርቪንግ ጎፍማን በ1963 እንደጻፈው የከተማ ሰዎች በአደባባይ ያልተጻፈ ስምምነት አላቸው፤ የሌላውን ሰው መኖር እንዳወቁ በዓይን ገረፍ አድርገው ያሳያሉ፣ ከዚያም ዓይናቸውን ያነሣሉ። በእኛ ቋንቋ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው። ጨዋነት ነው፣ ራስን መጠበቅም ነው። የጌም ኮሜዲ ይህን ስምምነት እስከ ጫፉ ይወጥረዋል። አንድ ሰው አጠገባቸው ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ እግሩን እያንቀሳቀሰ ወደፊት ለመሄድ ሲታገል፣ ጋዜጣቸውን ከፍ አድርገው የሚይዙት ሰዎች ከሚጮኹት የበለጠ ያስቃሉ። ከጮኸ ቀልዱ አለቀ። ዝም ካለ ግን ዝምታው እየከበደ ይሄዳል፣ ትዕይንቱም ዕድሜ ያገኛል።

ከዝም ባዩ ቀጥሎ የሚመጣው ጠያቂው ነው። «ይቅርታ፣ ደህና ነህ?» የሚል። ይህ ሰው የሥራው ትልቁ ፈተና ነው። ተዋናዩ «እየቀረጽን ነው» ካለው ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ መልስ ካልሰጠው ደግሞ አንድን ቅን ሰው አዋረደ። የበሰሉት ተዋንያን ሦስተኛ መንገድ ያገኛሉ፦ ከጌሙ ሳይወጡ፣ በትሕትና፣ ለገጸ ባሕርያቸው ትርጉም በሚሰጥ ንግግር ይመልሱለታል። ተዋናዩ «ቁልፍ እየፈለግሁ ነው» ቢል፣ ጠያቂውም «የምን ቁልፍ?» ብሎ ዙሪያውን መፈለግ ቢጀምር፣ ከዚያ ወዲያ ትዕይንቱ የእሱ ነው። አንድም ሳይከፈለው ሁለተኛ ተዋናይ ተገኘ ማለት ነው።

ታሪክ አይተወንም

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የሚወዱትን ጌም ይመርጡና ታሪኩን ይተውናሉ፤ ጀግናው ጠላቱን ይፋለማል፣ ልዕልቲቱን ያድናል። ውጤቱ ደካማ የትምህርት ቤት ድራማ ነው። የሚያስቀው ሌላ ነገር ነው፤ ተጫዋቹ ለምዶት የማያየው ሕግ።

ዴንማርካዊው የጌም ተመራማሪ የስፐር ዩል አንድ ደስ የሚል ጥያቄ ያነሣል፦ በ«ዶንኪ ኮንግ» ማሪዮ ለምን ሦስት ነፍስ ኖረው? በታሪኩ ውስጥ ለዚህ መልስ የለም። ሰውየው አናጢ ነው እንጂ መንፈስ አይደለም። ሦስት የተሰጠው፣ ነፍሱ አንድ ብቻ ብትሆን ጌሙ በጣም ስለሚከብድ ነው። ጌሞች በእንዲህ ያለ፣ ታሪኩ ሊያስረዳው በማይችል ሕግ የተሞሉ ናቸው። ተጫዋቹ በመጀመሪያው ደቂቃ ይቀበለዋል፣ በሁለተኛው ይረሳዋል። ኮሜዲው ያንን የተረሳ ሕግ አንሥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

ከጃፓን የመጡትን የጀብዱ ጌሞች አስቡ። ጀግናው ሳያንኳኳ ሰው ቤት ይገባል፣ ማሰሮ ይሰብራል፣ ሣጥን ከፍቶ ያገኘውን ይወስዳል፤ የቤቱ ባለቤት እዚያው ቆማ «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው» ትለዋለች። ሁለተኛ ቢያነጋግራትም «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው።» ዓለምን የሚያድነው ይህ ሌባ ነው። ወይም ደግሞ ተራ ጠብቆ መዋጋት የሚባለውን፣ እነ «ድራጎን ክዌስት» በ1986፣ «ፋይናል ፋንታሲ» በ1987 ያስፋፉትን ሥርዓት ውሰዱ። ሁለት ጠላቶች ፊት ለፊት ተሰልፈው ይቆማሉ። አንዱ ይሮጣል፣ ይመታል፣ ተመልሶ ቦታው ላይ ይቆማል። የተመታው ተራው እስኪደርስ በትዕግሥት ይጠብቃል። ይህን አውቶቡስ የሚጠበቅበት ቦታ ላይ፣ በሰልፉ መካከል፣ ሁለት ጎልማሶች በትራስ ሲያደርጉት ገምቱት። ተመልካቹ ከምቱ ይልቅ ተራ በመጠበቃቸው ነው በሳቅ የሚፈርሰው። ያን ጨዋነት! ሰልፍ ላይ የቆሙት ሰዎችም ተራቸውን እየጠበቁ መሆናቸው ቀልዱን ይጨምርበታል።

ፈረንሳዊው ፈላስፋ አንሪ በርግሶን በ1900 ስለ ሳቅ ሲጽፍ፣ የሚያስቀን በሕያው ሰው ላይ የተለጠፈ ግዑዝ፣ መካኒካዊ ነገር ነው ብሎ ነበር። ቪዲዮ ጌም ከመፈጠሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ የተባለ ነው፤ ግን ስለዚህ ዘርፍ ከዚህ የተሻለ የተናገረ ሰው አላውቅም። ስለዚህ ጥሩ ተዋናይ የሚያጠናው ገጸ ባሕርይውን ሳይሆን ማሽኑን ነው። በብዙ ጌሞች ውስጥ ተጫዋቹ ምንም ቁልፍ ሳይጫን ሲቀር ገጸ ባሕርይው ዝም ብሎ አይቆምም፤ ደረቱ ባልተለመደ ስፋት ይተነፍሳል፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል፣ በየጥቂት ሰከንዱ ሰዓቱን ያያል፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ይህን አተነፋፈስ በትክክል፣ ሳይዛነፍ፣ ለአምስት ደቂቃ የሕንፃ መግቢያ ላይ ቆሞ መሥራት ከባድ የአካል ሥራ ነው። ዳንስ ነው ማለት ይቻላል።

የጌም ሥዕል እየተሻሻለ ሲመጣ ዘርፉ የሚሞት መስሏቸው የነበሩ ነበሩ። የዛሬ ገጸ ባሕርይ ላቡ እንኳን ይታያል፤ ካርቶን እንዴት ይበቃዋል? ነገር ግን መልኩ ቢያምርም ባሕርዩ አልተቀየረም። የሚያምረው ጠባቂ አሁንም ጓደኛው አጠገቡ ተመትቶ ሲወድቅ ለአፍታ ይፈልግና «ምንም የለም» ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። የጀግናው ፈረስ አሁንም በፕሮግራም ስሕተት ድንጋይ ውስጥ ይሰምጣል። እንዲያውም መልኩ እውነት በመሰለ ቁጥር ስሕተቱ ይበልጥ ያስቃል። የኒው ዚላንዱ «ቪቫ ላ ደርት ሊግ» የተባለ ቡድን ከእንዲህ ያለው ነገር ብቻ ብዙ ትዕይንት አውጥቷል፤ አንድ ዓይነት ንግግር ከመድገም በቀር ሌላ ዕጣ ስለሌለው የጌም መንደርተኛ።

ሳቁ የሚቆምበት ቦታ

በርግሶን ሌላም ነገር ብሏል፤ ሳቅ እንዲኖር ልብ ለጊዜው መደንዘዝ አለበት። ልብ ከነቃ ሳቁ ያበቃል። የፈራች ሴት፣ ያለቀሰ ልጅ፣ እያነከሰ የሚሸሽ ሽማግሌ ካሜራው ውስጥ ከገቡ የመንገዱ ሕይወት ጌሙን አሸንፏል፤ ያ ቀረጻ ይጣላል፣ ወይም መጣል አለበት።

ችግሩ ቀልደኛው የጌሙን ሕግ ስለሚያውቅ አደጋው አይታየውም። በ2006 ሚያዝያ መባቻ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ራቬና በምትባል ትንሽ ከተማ፣ አምስት ልጃገረዶች በማሪዮ ጌም ውስጥ ያሉትን የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ወርቃማ ሣጥኖች ሠርተው በየአደባባዩ ሰቀሉ። 17 ነበሩ። ጌሙን የሚያውቅ ሰው ሣጥኑን ሲያይ ከሥሩ መዝለል ነው የሚያምረው። የማያውቀው ያየው ግን ማን እንደሰቀለው የማይታወቅ የተዘጋ ሣጥን ነው። ፈንጂ የሚመረምር ቡድን ተጠራ። በኋላ ልጆቹ እንዳይከሰሱ ተወሰነ። ሁለት ተመልካች አለ ያልኩት ይህንንም ይጨምራል፤ ያው ሣጥን ለአንዱ ሣንቲም ለሌላው ቦምብ ነው።

መሣሪያ ያለበት ጌም ከዚህም ይከፋል። በአሜሪካ ሕግ የአሻንጉሊት ጠመንጃ አፈ ሙዝ ብርቱካናማ እንዲሆን የታዘዘው ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ሆኖም ከሩቅ ላየው ፖሊስ ቀለሙ ዋስትና አይደለም። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ጠመንጃውን በጣት ወይም በሙዝ ይተኩታል። በነገራችን ላይ ሙዙ የበለጠ ያስቃል።

ፈቃድን በተመለከተ ሕጉ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ለምሳሌ በኒው ዮርክ በእጅ በተያዘ ካሜራ፣ መንገድ ሳይዘጉ መቅረጽ የከተማውን ፈቃድ አይጠይቅም። የገበያ አዳራሽና ሱቅ ግን ለሕዝብ ክፍት ቢሆኑም የግል ይዞታ ናቸው፤ ዘበኛው «ውጡ» ካለ መውጣት ግድ ነው። ፊታቸው በግልጽ የሚታየውንና የሚናገሩትን ሰዎች ከቀረጻ በኋላ ማስፈረም የተለመደ አሠራር ነው። እንቢ ያለ ይደበዝዛል ወይም ይቆረጣል።

የጌሙ ባለቤትስ? የጌም ሕግ፣ ማለትም «ተራህን ጠብቀህ ምታ» የሚለው ሐሳብ፣ በአሜሪካ የቅጂ መብት አይጠበቅም፤ የሚጠበቁት ሥዕሉ፣ ሙዚቃው፣ ገጸ ባሕርይውና ስሙ ናቸው። በ1994 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የዘፈን ክርክር ላይ፣ ለገበያ የቀረበ ፓሮዲም (የሌላውን ሥራ እየኮረጀ የሚያሾፍ ሥራ) ቢሆን ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም የባለቤቱን ፈቃድ የማይጠይቅ፣ ሊሆን ይችላል ብሎ ወስኗል። ሊሆን ይችላል እንጂ ነው አላለም። በተቃራኒው ቶኪዮ ውስጥ ትንንሽ መኪኖችን ከማሪዮ አልባሳት ጋር ለቱሪስት ያከራይ የነበረ ድርጅት በማሪዮ ባለቤት በኒንቴንዶ ኩባንያ ተከሶ፣ በ2018 10 ሚሊዮን የን፣ በይግባኝ ደግሞ በ2020 50 ሚሊዮን የን እንዲከፍል ተፈርዶበታል። መንገዱ ላይ የታየው ነገር ከጋያር ቪዲዮ ብዙም አይለይም። አንዱ ግን ቀልድ ነበር፣ ሌላው የኪራይ ንግድ።

ሕጉን የሚያውቅ መንገደኛ

ዝም ባዩንና ጠያቂውን አንሥቻለሁ፤ አንድ ቀርቶኛል። በቀን ውስጥ ብዙ ሰዓት ተቀርጾ ለአየር የሚበቃው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የቀረው ሰው ሳያይ ሲያልፍ፣ ዘበኛ ሲያባርር፣ ካርቶን ሲቀደድ ነው። ይህን ሁሉ ታግሠው የሚጠብቁት አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ ጌሙን የሚያውቅ መንገደኛ። እሱ ሲመጣ ሁለቱ ተመልካቾች አንድ ይሆናሉ፤ መንገዱ ላይ ቆሞ ቤት ያለው ሰው የሚያየውን ያያል። ብዙዎቹ ስልካቸውን አውጥተው ይስቃሉ፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ለቀረጻ አይረባም።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንመለስ። ካርቶኑ ሁለት መደርደሪያ መካከል ተቀምጧል። ሦስት ሰዎች አይተው እንዳላየ አልፈዋል፤ አንዷ «ደህና ነህ?» ብላለች። ከዚያ መጻሕፍት የሚደረድር አንድ ሠራተኛ ጋሪውን እየገፋ ይመጣል። ካርቶኑን ያያል። ይቆማል። ሁለት እርምጃ ጠጋ ብሎ ጎንበስ ይላል። ፊቱ ላይ አንዳች ፈገግታ የለም። ቀና ብሎ ጮክ ባለ ድምፅ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ካርቶን ነው እንዴ» ይላል፤ ከዚያም ጋሪውን አዙሮ በመጣበት ይመለሳል።